ጮኸው ካልጠየቁኝ አልፈርድም

ሰኞ፣ ሐምሌ 1988

«ጠብ» ይላል። እኔ የዳኘሁት የክሪኬት ጨዋታ በጠብ ተበተነ ይላል ጋዜጣው። እኛ በምንኖርበት ሪችፊልድ፣ ግሮሰሪው በር ላይ በነጻ ከሚቆለለው የሰፈር ጋዜጣ ላይ ነው ያየሁት። ፎቶዬም አለ፤ የዳኛ ነጭ ኮቴን ለብሼ፣ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሬ። ከሥሩ «የተቆጣው ዳኛ» ብለውኛል። የቱ ቁጣ? ፊቴ እንደሆነ ሁሌም እንዲህ ነው።

ስህተቶቹን ልጻፋቸው። አንድ፣ ተጫዋቾቹ ከበው አልጮኹብኝም፤ ጮኸው ጠየቁኝ። በክሪኬት ሕግ ተጋጣሚው «ሃውዛት!»፣ ማለትም «ይህስ እንዴት ነው?» ብሎ ካልጠየቀ በስተቀር መቺው ከጨዋታ ወጥቷል ብዬ መፍረድ አልችልም። ከሳሽ ከሌለ ዳኛ ምን ይሠራል? ሁለት፣ ጣቴ ዛቻ አይደለም፤ «ወጥተሃል» ማለት ነው። ሦስት፣ ከሜዳው የወጡት ለሻይ ነው። ክሪኬት የሻይ ዕረፍት አለው፤ ሙስሊሞቹ በዚያው የዐስር ሶላት ሰገድን። ከዚያ ተመልሰን ጨዋታውን ጨረስን! ይህን ጋዜጠኛው አላየም።

ማክሰኞ

ታሪቅ ደወለ። የፓኪስታኖቹ ቡድን አምበል ነው። ጋዜጣውን ያነበቡ ጎረቤቶች ለፓርክ ቢሮው አቤት ብለዋል፤ ቢሮው ሜዳውን ሊነጥቀን ነው። ሐሙስ ቀርባችሁ አስረዱ ተብለናል። ሌላ ሜዳ ደግሞ የለንም፤ ያለው ሁሉ የቤዝቦል ነው።

ለሰዓዳ ነገርኳት። ባለቤቴ ክሪኬት አይታ አታውቅም። «ህንድና ፓኪስታን ሲጣሉ አንተ መሀል የምትገባው ማን ኢንሹራንስ ሰጥቶህ ነው?» አለችኝ። አልተጣሉም እኮ! ናይሮቢ በስደት ሳለሁ የህንዶች ክለብ ውስጥ ስሠራ ጨዋታውን ተማርኩ፤ እዚህ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ስላልሆንኩ ዳኛ አደረጉኝ። እኮራበታለሁ። የገዛ ሚስቴ ከእኔ ይልቅ ጋዜጣውን ማመኗ ግን አንገበገበኝ።

ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ከሥራ ቦታ ሆኜ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ደወልኩ። ጋዜጠኛው ራሱ አነሳው። ትሁት ልጅ ነው፤ ትሕትናው ይበልጥ አናደደኝ። ያየሁትን ነው የጻፍኩት አለ። ሰዎቹ ከሜዳ ከወጡ በኋላስ የት ሄድክ? አልኩት። መኪናውን አስነስቶ ወደ ቢሮው። አንተ ስትሄድ እኛ ከመኪኖቹ ኋላ ሻይ እንጠጣ ነበር፣ ብትቆይ ላንተም ይቀዳልህ ነበር አልኩት። በመጨረሻ፣ ማስተካከያ ማውጣት ይቻል እንደሆነ «እናያለን» አለ። አዩ!

ደግ ነገር፦ እንግሊዝኛዬ አንዴም አልተሰናከለም።

ሐሙስ

ፓርክ ቢሮ። ኃላፊዋ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ናት፤ በትዕግሥት ሰማችን። ታሪቅ ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ ሳያማክረኝ ከእንግዲህ አንጮህም ብሎ ቃል ገባ። ደሜ ፈላ።

«እንዲያ ከሆነ እኔ አልዳኝም» አልኩ እዚያው ፊቷ። «ጮኸው ካልጠየቁኝ አልፈርድም። ጥፋት ያልሆነውን ለምን እንተዋለን?»

የድሮ የአገራችን ሙግት ትዝ አለኝ። ዳኛ ፊት «በላ ልበልሃ» እያለ የሚጮኸውን ሰው ማን ተጣላ ይለዋል? ይህን ግን በእንግሊዝኛ እንዴት ብዬ ላስረዳ!

ኃላፊዋ ቅዳሜ መጥቼ በዓይኔ ካየሁ በኋላ እወስናለሁ አለች። ታሪቅ መኪናው ጋ ስንደርስ ሜዳውን አስበላኸን አለኝ። ይበላ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ፈርቻለሁ።

ዓርብ

ጁምዓ ላይ ከታሪቅ ጋር ጎን ለጎን ሰገድን። አልተነጋገርንም።

ሰዓዳ ነገ አብሬህ እመጣለሁ አለች። ለምን ብላት፣ «ሲደበድቡህ ልይ።»

ቅዳሜ

ኃላፊዋ ተጣጣፊ ወንበር ይዛ መጣች። ሰዓዳ አጠገቧ ምንጣፍ ዘርግታ ተቀመጠች። ጋዜጠኛው አልመጣም።

የታሪቅ ቡድን ሲወረውር ኳሷ የመቺውን በትር ጫፍ ነክታ፣ ከኋላ ቆሞ የሚቀልበው ታሪቅ እጅ ገባች። ጭረቷን በጆሮዬ ሰማሁ። መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ወጥቷል። ግን ማንም አልጠየቀም። ሁሉም ኃላፊዋን ያያሉ። መቺውም ንቅንቅ አልል አለ። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ወርዋሪው ኳሷን ተቀብሎ ወደ መነሻው መመለስ ጀመረ፤ እንደገና ለመወርወር ከተንደረደረ የመጠየቂያው ጊዜ አለቀ። ታሪቅን አየሁት። አየኝ።

«ሃውዛት!»

ሌሎቹም ተቀበሉት፤ ሜዳው ተናጋ። ጣቴን ቀሰርኩ። መቺው የታሪቅን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ኃላፊዋ ደንግጣ ከወንበሯ ተነስታ ነበር አሉ። ሰዓዳ በዚያች እንግሊዝኛዋ፣ እየተጣሉት አይደለም፣ እየጠየቁት ነው ብላ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ።

ኃላፊዋ ሻይ ጠጥታ፣ ሰኞ እደውላለሁ ብላ ሄደች። ከፊቷ ምንም ማወቅ አልቻልኩም። ቢከለክሉንም ተለማምጠን አይደለም የምንወጣው።

መኪና ውስጥ ሰዓዳ ብዙ አሰበችና፣ «ለመሆኑ ኳሷ በትሩን ነክታዋለች? እኔ ከተቀመጥኩበት የነካችው አልመሰለኝም» አለች።

አንድ ጋዜጠኛ አልበቃ ብሎኝ! ሪችፊልድ እስክንደርስ ተከራከርን። ነክታለች።