የለቅሶው ፍራሽ

ጽጌ፣

ፍራሽሽ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሼ፣ ሽታውን እስኪመጥ እየጠበቅሁ ነው የምጽፍልሽ። ሦስት ቀን ለቀስተኛ ተቀምጦበታል። ሻይ የፈሰሰበትን ኮምጣጤና ውሃ ባስነካሁት ጨርቅ ጠረግሁት። ከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ስለሚገባ መጋረጃውን ክፈቺው፤ ሳይደርቅ አትተኚበት።

ቅዳሜ ይህንኑ ፍራሽ አብረን ስናጸዳ፣ "ማን ሊመጣ ነው? ባል አገኘሽ እንዴ?" ብለሽ ሳቅሽ።
"እንግዳ አለብኝ" አልኩሽ።

እናትሽ አገር ቤት ማረፋቸውን ከሐሙስ ጀምሮ አውቅ ነበር።

የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ሀቢሶ "መርዶ በወጉ ነው። እሑድ ከቸርች በኋላ ተሰብስበን እንነግራታለን፤ እስከዚያ አፍሽን ያዢ" አሉኝ። ያዝኩ። ለቀስተኛ የሚቀመጥበትን ፍራሽ በገዛ እጅሽ አስጠረግሁሽ።
በእሳቸው አላመካኝም። አብሬሽ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከእሑድ ወዲህ አላናገርሽኝም። አልፈርድብሽም። ወደ ጀፕስታውን ሰፈር፣ ወደምሠራበት ሱቅ ሄጃለሁ፤ ሲመሽ እመለሳለሁ። ምስር ፍሪጅ ውስጥ አለ።

ሶዳውን አሁን በብሩሽ ጠርጌ ጨረስኩ። ፍራሹን አልጋሽ ላይ አልመለስኩትም፤ ለቅሶው ገና ካልወጣልሽ ብዬ ወለሉ ላይ አንጥፌዋለሁ። ብሩሹንም አጥቤ ቦታው አስቀምጫለሁ።

ሩሀማ