የማሾዋ ሙሽራ መኪና

ሰኞ

መኪናዋ ዛሬም ፈላች። ከአርማንያ በላይ ሦስተኛው ኩርባ ላይ የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ቀዩ ውስጥ ገባች። ኮፈኑን ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን ለጥቂት ሳተኝ። ሁለት ጀሪካን ውኃ ጨርሼ፣ እስክትቀዘቅዝ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ ጌታቸው፣ በሷ ፈንታ ግመል ቢገዙ ይሻልዎታል!» ብሎኝ አለፈ። እሱን መኪና መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ! ጊዜ ነው።

መኪናዋ የሐጂ ሙሄ ናት። አሜሪካ ሠራሽ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ርዝመቷ ሁለት ባጃጅ ተቀጥሎ አይደርስባትም። ሃያ ዓመት ሐጂ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ቆማ ኖራለች። እኔ ላነሳት ስታገል ይኸው ሁለተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ቀለሟ አለቀ፣ ኒኬሏ አበራ፣ ሞተሯ ሲነሳ ድምፁ ሆድ ውስጥ ይገባል። ዳገት ላይ ግን ትፈላለች።

አሁን ደግሞ ቀን ተቆረጠላት። የሐጂ ልጅ ዘይነባ ግቢውን የማሾ መጋዘን ልትሠራበት ትፈልጋለች። ትናንት አባትና ልጅ ተስማሙ፦ የፊታችን እሑድ ሳትፈላ ደብረ ሲና ከወጣች ትቆያለች። ከፈላች በማግስቱ ብረት ቆራጩ መጥቶ ይቆራርጣታል። ሐጂ እሺ ብለዋል። ሐጂ እሺ ካሉ ደግሞ አበቃ።

ማክሰኞ

እስካሁን የነካካሁትን ልጻፈው፣ ምናልባት ያመለጠኝ ካለ፦

ራዲያተር፦ ሁለቴ ታጥቧል፣ ተበይዷል።
የውኃ ፓምፕ፦ አዲስ ጎማ፣ አዲስ ኩሽኔታ።
የቴስታታው ጋርኒሲዮን፦ ተቀይሯል።
ቺንጊያ፣ ቱቦ፣ ማራገቢያ፦ ሁሉም ደህና።

ታዲያ ምን ቀረ? እኔ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ጋራዡ በር ላይ ቆማ አየችኝ። «ጋሼ፣ አይልፉ። ይቺ መኪና እኔን ያዋረደች ናት» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ስትዳር ሙሽራው ደብረ ሲና ሱቅ ነበረው። እሷ በዚህች መኪና ተሞሽራ ስትሄድ ከአርማንያ በላይ ፈላች። ሰዉ ቢለው ቢለው እምቢ አለች። መጨረሻ ላይ ሙሽራይቱ ማሾ በጫነ አይሱዙ፣ ከነቬሏ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አማቶቿ ደጅ ደረሰች። ደብረ ሲና እስከ ዛሬ «የማሾዋ ሙሽራ» ነው የሚላት። አማቷ ደግሞ፣ «አባትየው ሊንቁን ብለው ነው በፈራረሰ መኪና የላኳት» ብለው አገር አዳረሱ።

ያኔ ለሰርጉ መኪናዋን ያዘጋጀኋት እኔ ነበርኩ። ዘይት ለወጥኩ፣ ካንዴላ አጸዳሁ፣ ወለወልኩ። በእጄ ላይ እንከን አልነበረም። ቆላ ያልተስማማት መኪና ናት ብዬ ነበር፤ ሰውም አምኖኝ ነበር።

ረቡዕ

ራዲያተሩን እንደገና አወረድኩት። ምንም የለበትም። እንደገና ሰቀልኩት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው የምጽፈው፤ ዘንድሮ ግንቦት ብሶበታል።

ምሳ አልበላሁም። ባለቤቴ ፀሐይ ሳህኑን እያነሳች፣ «እኔ ታምሜ ተኝቼ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅክም» አለችኝ።

ሐሙስ

ምነው ባልደወልኩ።

አዲስ አበባ አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው አለ፤ ስልኩን አንድ ደንበኛ ሰጠኝና ጠዋት ደወልኩለት። የሠራሁትን ሁሉ ስዘረዝርለት እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ «ቴርሞስታቷስ?» አለ።

ሳቅኩበት። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ይዛ፣ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የምትለቅ ትንሽ በር ናት። እኛ የቆላ መካኒኮች ነቅለን እንጥላታለን። ሸዋ ሮቢት ምን የሚሞቅ ነገር ቸግሮት! ከተማው ውስጥ ያለ አይሱዙ ሁሉ ቴርሞስታቱን የነቀልኩለት እኔ ነኝ። «የጌታቸው እጅ የነካው አይፈላም» የተባልኩትም በዚሁ ነው።

ሰውየው አልሳቀም። «የሷ ሞተር እንደዚያ አይደለም፣ ጌታው» አለኝ። የዚህች መኪና ቴርሞስታት ስትከፈት በታች በኩል ሌላ ቀዳዳ ትዘጋለች። እሷ ከሌለች ያ ቀዳዳ ክፍት ይቀራል። ውኃው ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ የፈላው እዚያው ይዞራል። ዳገት ላይ ደግሞ አትችለውም።

ስልኩን ዘግቼ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ።

ለሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ነው የነቀልኳት። ማንም አላዘዘኝም። ሙሽራ እንዳትፈላባት ብዬ፣ ለሐጂ ስጦታ መሆኑ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ዘይነባን ጆንያ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

ዓርብ

ዕቃዋ አገር ውስጥ የለችም፤ ከውጭ ለማስመጣት ወራት ይፈጃል። ሰውየው ግን መላ ነገረኝ፦ የአቋራጩን ቀዳዳ መሐሉ በትንሹ በተበሳ የነሐስ ክብ መድፈን።

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ መጡ። ወንበር አቀረብኩላቸው። መኪናዋን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጓትና፣ «የኔ ስስት ነው፣ ጌታቸው» አሉኝ። «ያኔ ሌላ መኪና መከራየት ነበረብኝ። በዚችው ካልሆነ ብዬ ልጄን አዋረድኳት። አማቷ ከዚያ ወዲህ ደህና ሰላምታ ሰጥታኝ አታውቅም። ወላሂ፣ እውነቷን ነው እላለሁ።»

ይኼኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ሐጂ፣ ሻይ ይምጣ?» አልኳቸው።

ሻይ ይምጣ! በራሴ አፈርኩ።

ቅዳሜ

ነሐስ ከየት ይምጣ? የፀሐይን አሮጌ የላምባ ምድጃ ቆረጥኩት። የላምባ መያዣው ጥሩ ነሐስ ነው። አየችኝ፤ የእናቷ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ከዚያ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ክቡን በሞረድ ሦስት ጊዜ ሠራሁት። አንዱ ጠበበ፣ አንዱ ሰፋ፣ ሦስተኛው ልክክ አለ። መኪናዋን በቀትር ሐሩር አቁሜ ሞተሩን አንድ ሰዓት ሙሉ አስነሳሁት። ቀስቷ መሐል ላይ ቆመች። ጨመርኩ፤ አልነቃነቅም አለች። ብቻዬን ጮህኩ፤ ጎረቤት የሞተ ሰው አለ ብሎ ብቅ አለ።

ደስታዬ ግን እራት እንኳ አላደረሰኝም። ነገ ከወጣች ማንም ምንም ማወቅ የለበትም፤ የሐጂ መኪና ትተርፋለች፣ የኔም ስም ይተርፋል። ይህን እያሰብኩ እጄን ታጠብኩ፤ ደግሞ ታጠብኩ። ሐጂ ግን እስኪሞቱ ድረስ ስስቴ ነው እያሉ ሊኖሩ ነው።

እሑድ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ሐጂ ከፊት፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው። ዘይነባ ከኋላ፣ ስልኳን በእጇ ይዛ። የቆራጩን ቁጥር አውጥታ እንደያዘች በመስታወቱ አየሁ።

አርማንያን አለፍን። አንደኛው ኩርባ። ሁለተኛው። ቀስቷ መሐል ላይ ናት፣ እኔ ነኝ የፈላሁት። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ዘይነባ ቀስ ብላ፣ «እዚህ ጋ ነበር» አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

አላስቻለኝም። «ዘይነባ፣ ያኔ ያፈላኋት እኔ ነኝ» አልኩ። መንገዱን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የነቀልኩትን፣ ለምን እንደነቀልኩት፣ ሐሙስ እንዳወቅሁ፣ ዓርብ ዝም እንዳልኩ።

«ያቁሙት» አለች።

አቆምኩ። ወርዳ ጀርባዋን ሰጥታን ገደሉ አፋፍ ቆመች። ሞተሩ እየሠራ ነው። ሐጂ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ፣ «እኔ ዓርብ ለት ሆዴን ስከፍትልህ አንተ ሻይ ትለኛለህ?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። «በል፣ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። እሷን ግን ራስህ ቻላት።»

ዘይነባ ተመልሳ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። «ይንዱ» አለችኝ። «የሚያቆሙት አማቴ ደጅ ነው። አሁን የነገሩኝን አንድ ቃል ሳያስቀሩ ይነግሩልኛል።»

ሳትፈላ ደብረ ሲና ገባን። አማቷ እትዬ ፋጡማ ከሱቁ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ኮፍያዬን አውልቄ፣ መንገደኛው እየሰማ፣ እንደ ተማሪ ተናገርኩ። ጨርሰው ሰሙኝ።

«እና ሐጂ አውቀው አይደለም?»

«አይደለም፣ እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወደ ሐጂ ዞሩ። «እንግዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ስለርስዎ ያልኩትን አላህ ይቅር ይበለኝ» አሉ። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ነገ የሸዋ ሮቢት ሹፌር ሁሉ ቴርሞስታቴን መልስ እያለ ሊመጣብኝ ነው። ይምጣ።

እትዬ ፋጡማ መኪናዋን አንዴ ዞሩና፣ «እስቲ እኔንም ገበያውን አዙረኝ» ብለው የኋላውን በር ከፈቱ። ደብረ ሲና ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ ነበር። አንድ እግራቸውን ሊያስገቡ ሲሉ ዘይነባ ከውስጥ እጇን ዘረጋች።

«እትዬ፣ ጫማዎን ይጥረጉ እንጂ! ምንጣፉ አዲስ ነው!»

ስለ ቆራጩ አልጠየቅኳትም።