በጉልላቱ የብረት ደረጃ ሥር ያጣናቸው የጥንድ ከዋክብት ተመልካች

ማኅበራችን «ፈሪ» ብሎ የመመልከቻውን ጉልላት ቁልፍ ከእኔ ከጸሐፊው ነጥቋል። በደል ነበር። ውሳኔውን የፈረሙት ሊቀመንበራችን ትናንት ማለዳ በጉልላቱ የብረት ደረጃ ሥር ወድቀው፣ ሕይወታቸው አልፎ ተገኝተዋል። ይህን መግለጫ እንድጽፍ የታዘዝኩትም እኔው ነኝ። ከዚህ በታች ያለው የማኅበሩ ቃል ነው።

የሰማይ ተመልካቾች ማኅበር በሊቀመንበሩ ድንገተኛ ሞት ከባድ ሐዘን ላይ ወድቋል። ፍርሃቱም ከሐዘኑ አያንስም፤ መደበቅ አላስፈለገም።

ሟች ማኅበሩን ከተቀላቀሉ ጀምሮ የሁለት ግዙፍና እጅግ ትኩስ ከዋክብት ተመልካች ነበሩ። ጥንዶቹ አንዱ ሌላውን ይዞራል፤ ከሁለቱም ኃይለኛ ነፋስ ይነሣል። በየስምንት ዓመቱ በጣም ሲቀራረቡ ነፋሶቹ ተጋጭተው ይታመቃሉ፤ የታመቀው ጋዝም ቀዝቅዞ ጥላሸት የመሰለ አቧራ ይሆናል። ብረት ተንኖ በሚጠፋበት ግለት አጠገብ አቧራ እንደሚወለድ ሟች በአዳራሹ ያስረዱን ነበር። «እኔም እፈራዋለሁ፤ ዐይኔን የማልነቅለውም ለዚሁ ነው» ይሉ ነበር።

ባለፈው መቀራረብ ዓመት ከአዲሱ አቧራ የሚወጣውን፣ በዐይን የማይታየውን የሙቀት ብርሃን ለክተው ለማኅበሩ አቀረቡ። መሣሪያውን የአምፖል ሙቀት ስለሚያውከው ጉልላቱ ከደጃፉ ጀምሮ ፍጹም ጨለማ እንዲሆን ደነገጉ። ሁላችንም ደረጃውን እየዳበስን ወጣን፤ እየዳበስን ወረድን።

ዓምና ጸሐፊው እግሩ ቢከዳው አምፖል አበራ፤ የዚያ ሌሊት ልኬት ተበላሸ። ሊቀመንበራችን በጉባኤ ፊት፣ «ጋሼ፣ ጨለማ የሚፈራ ሰው ከዋክብት ምን ያደርጉለታል? ቤትዎ ቁጭ ብለው ፀሐይዎን ይሙቁ እንጂ» አሉ። ጉባኤው ሳቀ፤ የጉልላቱ ቁልፍም ከጸሐፊው ተነጠቀ።

አሁን የሚስቅ የለም። ደረጃው ጤዛ አዝሎ እንደነበር የግቢው ጥበቃ ተናግሯል። የመሣሪያው ክዳን በሥርዓቱ ተገጥሞ በመገኘቱ፣ ሟች ሥራቸውን ጨርሰው ሲወርዱ እንደወደቁ እናምናለን።

ከዋክብቱ በሚመጣው ወር ይቀራረባሉ። የትናንት ማታ ተረኞች ግን አንዱ ጉልበቴን አመመኝ፣ ሌላዋ ልጄን አመመው እያሉ ቀርተዋል። ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ጸሐፊውም እስከ ጉልላቱ በር ደርሶ ተመልሷል። አቧራው ካመለጠን ሟች የጀመሩት ልኬት ማነጻጸሪያ ያጣል፤ ቀጣዩን ለማየት ስንቶቻችን እንደምንቆይ አናውቅም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ስንወጣና ስንወርድ መብራት ይበራል። ልኬቱ የሚጀመረው መብራቱ ጠፍቶ፣ መሣሪያው ከረጋ በኋላ ነው፤ የሚባክነው ጊዜ ይባክን። ቁልፉ ተመልሶለት የመጀመሪያውን ተራ ጸሐፊው ይወጣል፤ እየፈራም ቢሆን ይወጣል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና በየጊዜው በጉልላቱ አብረዋቸው ላመሹ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ሥራቸው እንደማይቋረጥም ቃል እንገባለን።

የማኅበሩ ቃል እዚህ ላይ አበቃ፤ የቀረው የእኔ ነው። ጉባኤው ስለ ቁልፉ በይፋ ይቅርታ ሊጠይቀኝ አስቧል። አልቀበልም። ይቅርታ ሊጠይቁኝ የሚገባቸው እርሳቸው ነበሩ፤ እርሳቸውም የሉም። ይህን ነገር ከእንግዲህ ከእኔ አፍ የሚሰማው የለም፤ የሚያነሣብኝም ቢኖር መልስ አያገኝም።