ምሳ የጋበዙን ሰዎች

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ኢህሳን፤ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንዴት ከረሙ? እትዬ ነዒማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን።

ባለፈው ወር ማሪዬታ ሞል ውስጥ አንድ ሽቅርቅር ሰውዬ፣ ነፃ ቫኬሽን፣ የዕረፍት ሽርሽር ደርሷችኋል ብሎ ዳውንታውን ሆቴል ምሳ ጠራን። ለካስ በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ የምናርፍበትን የፍሎሪዳ ቤት፣ ዕድሜ ልካችንን እየከፈልን እንድንገዛው ኖሯል። "ዛሬ ካልፈረማችሁ ነገ የለም" ይላል። እንሂድ ብዬ ባለቤቴን አብዱልጀባርን በክርኔ ጎሸም ባደርገው፣ "ዓሣቸውን በልተን እንዴት እምቢ ብለን እንነሳለን? ነውር አይደለም እንዴ?" አለኝ። ዙህር ሰግጄ ስመለስ ሰውዬው የአብዱልጀባርን ትከሻ አቅፎ ያስቀዋል። ምን ተባባላችሁ ብዬ ብጠይቀው፣ "ምንም፣ ተጫወትን" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አብዱልጀባር ጎበዝ ሆኗል። እሁድን እንኳ ሳያርፍ ታክሲውን ይዞ ይወጣል። ስልክ ሲደወልለት መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ ያወራል። ሐይቅ ዳር ስንሄድ እግሩን ውሃ የማያስነካው ባለቤቴ፣ ትናንት ለጎረቤታችን የባሕር አየር ለጤና እንደሚበጅ ሲያስረዳ ሰማሁት።

ለእርስዎም ሰሞኑን ቶሎ ቶሎ ይደውላል አሉ፤ እሰየው። የእኛን የኮምቦልቻውን ቤት የመሸጥ ነገር ካነሳብዎት ግን፣ ተከራይ ገብቶበታል ይበሉልኝ። ባዶ መሆኑን አውቃለሁ።

ለልጆቹ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ አላህ በጤና ያቆይልን። አብዱልጀባርም ሰላም ብሎዎታል ብዬ እንዳልጽፍ፣ መጻፌን አያውቅም።

እህትዎ ሩሚሳ፣ ከቻምብሊ፣ አትላንታ