ከዕቃው ላይ የነቀልኳቸው ቃላት

ዮቫና፣

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ። ጋዙን ከታች መዝጋት አትርሺ። እኔ እናቴ ዘንድ ኡሩባምባ ሄጃለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ።

ከማንቆርቆሪያው፣ ከመስተዋቱና ከበሩ ላይ የእንግሊዝኛ ስማቸውን የጻፍኩባቸውን ወረቀቶች የነቀልኩት እኔ ነኝ። በድመቷ እንዳታሳብቢ።

ከክፍላችን አንደኛ የምወጣው እኔ ነኝ። ትናንት በአስጎብኚው ቢሮ የቅጥር ፈተና ላይ እንግዳዋ በእንግሊዝኛ ስትጠይቀን ቃሉ ሁሉ ነበረኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን አሳምሬ እስክጀምር ግን አንቺ በጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ የቀረውን በስፓኒሽና በእጅሽ አወራሽላትና አሳቅሻት። የቢሮው ኃላፊ ዶን ኤፍራይንም፣ «ይቺ ልጅ ቅዳሜ ከእንግዶቹ ጋር ተራራ ትውጣ። አንቺ የኔ እመቤት፣ ጎበዝ ነሽ፤ እዚህ ቁጭ ብለሽ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ» አለ። አንቺ ደግሞ መንገድ ላይ፣ «አይዞሽ ፕሮፌሰሯ፣ ከተራራው ድንጋይ አመጣልሻለሁ!» አልሽኝ። ሳቅሁልሽ እንጂ አላሳቀኝም።

ያን ተራራ ለእንግዶች ማስረዳት የኔ ሕልም ነበር። የተናገርሻቸውንም ቃላት ሻይ ስታፈዪ፣ በር ስትከፍቺ ከኔ ወረቀቶች ነው የለቀምሻቸው።

የዝናብ ካፖርቱ ላይ ያለውን ግን ልነቅል እጄን ዘርግቼ ተውኩት። ቅዳሜ ተራራው ላይ መዝነቡ አይቀርም፤ ቃሉ ያስፈልግሻል። ካፖርቱም የኔ ነው፤ ልበሺው።

እንግሊዝኛ ማን አስተማረሽ ብለው ከጠየቁሽ ስሜን ንገሪያቸው። ሳትስቂ።

ኔሊዳ