የተገለበጡት ክሮች

«ወንድም ጋሼ፣ የመረጥክልኝ ዕቃ አይረባም። ወፍራሙን ክር ስመታ ዋሽንት ይጮሃል፣ ቀጭኑን ስመታ ባስ ያጉረመርማል። ሳይንስህን ለተማሪዎችህ አስተምር፤ ለእኔ የሚሠራ ነገር ላክልኝ።»

ቃል በቃል የጻፍክልኝ ይህንን ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም። ያም ሆኖ ሰላምታ የእግዜር ነውና እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጅህን ያ ሳል ለቀቃት? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፤ የተቆጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሆቴሉ ዋሽንት ነፊውንና ባስ መቺውን ካሰናበተ በኋላ የባንዱ አለቃ «በአንድ ጊታር የሦስት ሰው ድምፅ ካላወጣህ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሎ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን እንደቆረጠልህ የነገርከኝ አንተ ነህ። ጊታርን ዋሽንትም ባስም የሚያደርግ ሲንተሳይዘር ምረጥልኝ ብለህ የለመንከኝም አንተ። እሺ አልኩ። ሦስት ቅዳሜ ከሙዚቃ ዕቃ መደብሩ አልጠፋሁም። ባለሱቁ ቢሰለቸው «መምህር፣ ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ሊፈትኑን?» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። ልፈትናችሁ ነው አልኩት። መጀመሪያ በተራ ኬብል የሚሠራውን ሳጥን አሳየኝ፤ ስድስቱም ክሮች ተደባልቀው ስለሚገቡበት ሁለት ኖታ አንድ ላይ ሲመታ ይደናገራል። ተውኩት። ከነጊታሩ የሚሸጠውንም ተውኩት፤ ከዚያ ቀለሙ ከተላጠ ጊታርህ እንደማትለይ አውቃለሁ። የመረጥኩልህ ለእያንዳንዱ ክር የየራሱ ጆሮ ያለውን፣ ፒክአፕ የሚሉትን ቀጭን ድምፅ ለቃሚና የእሱን ሳጥን ነው።

ጊታርህን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላክህልኝ። ፒክአፑን ክሮቹ ከሚታሰሩበት ከብሪጁ አጠገብ፣ ከክሮቹ ሥር አንድ ሚሊሜትር አስጠግተን አቆምነው። ብሎኖቹን ያጠበቀው ባለሱቁ ነው፤ እኔ ቆሜ አዘዝኩ። ሳጥኑ ለየትኛው ክር ምን ያህል ጆሮውን ማቆም እንዳለበት አንድ በአንድ ለካሁ። ለሦስቱ ወፍራሞች ባስ፣ ለሦስቱ ቀጭኖች ዋሽንት ሰጠሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስሞክረው አንዴም አልሳተም። አራት ገጽ መመሪያ ጽፌ፣ ከነጊታርህ መለስኩልህ። ይህ ነው እንግዲህ የማይረባው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ባለሱቁን ልጣላው ሄድኩ። ቆሜ አነበብኩለት። ሰውየው አልተቆጣም። ራሱን እያከከ፣ ይሄ ዕቃ እኮ የክሩን ውፍረት አያይም፣ ቦታውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ወንድምዎ ክሮቹን ፈተው ገልብጠው ካላሰሯቸው በቀር እንዲህ አይሆንም አለኝ። ሠላሳ ዓመት የተጫወተ ሰው ምን ነክቶት ይገለብጣቸዋል? አልኩት። ጊታር አዙረው የሚይዙ ግራኝ ናቸው እንዴ? አለኝ። አይደለም አልኩ። ደብዳቤህን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ወደ ቤት የተመለስኩት በእግሬ ነው። ሠላሳ ዓመት በግራ እጁ ኖታ የያዘ ሰው ክሮቹን ገልብጦ በቀኙ ለመያዝ የሚነሳበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ግራ እጁ እምቢ ብሎታል። ሌላ ፈለግሁ፤ መምህር ነኝና አጥብቄ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ክር መምታት የደነዘዘ እጅም እንደምንም ይችለዋል። መያዝ ግን አይችልም። ባለፈው ስትመጣ በራፍ ላይ ያቀፍከኝ በአንድ እጅህ ነው። ግራውን ከኪስህ አላወጣህም። ብርድ ነው አልከኝ። እኔም ሞኙ ሹራብ ሰጠሁህ።

ስድብህን ትቼዋለሁ። የማልተወው አለመንገርህን ነው። በዚህ ዕድሜህ እንደ ጀማሪ ቁጭ ብለህ፣ በማያውቀው እጅህ ኖታ ስትፈልግ፣ ሲያቅትህም በዕቃው ስታሳብብ ይታየኛል። ከማን ነው የምትደብቀው? ከእኔ?

ዕቃውን አትመልሰው። ፒክአፑንም አትንካው። በሳጥኑ ላይ የክር አቀማመጥ የሚለውን ክፈትና የተገለበጠውን ምረጥ፤ ባሱም ዋሽንቱም ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ሳጥኑ እያንዳንዱን ክር የሚሰማበትን መጠን ከፍ አድርግ፣ በቀስታ ብትመታም እንዲሰማህ። ሦስት አራት ክር በአንዴ ይዘህ ኮርድ ማውጣት ካስቸገረህ አንድ ኖታ ብቻ ያዝ፤ ሳጥኑ ሁለት ድምፅ ራሱ እንዲጨምርበት ማድረግ ይቻላል፣ መመሪያው ሦስተኛ ገጽ ላይ አለ። አለቃህ የሚሰማው ድምፁን ነው። በየትኛው እጅ እንደተያዘ አይጠይቅህም። ከጠየቀህም ሠላሳ ዓመት ሆቴሉን ማን እንዳስጨፈረው ንገረው።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጅህን ሳምልኝ። እግዜር ቤትህን ይጠብቅልህ፣ እንጀራህንም አይንሳህ።

አሁን የምጠይቅህን ሳታድበሰብስ መልስልኝ። በየትኛው ጣት ጀመረህ? ከመቼ ወዲህ ነው? የሚብስብህ ጠዋት ነው ወይስ ሥራ ስታበዛ? በስልክ አይሆንም፤ በስልክ ትቀልዳለህ፣ እኔም እስቃለሁ። ባለፈው ወር ሐኪሜ ጣቶቼን እያየ ከቤተሰብዎ እጁ የሚደክም ሰው አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የለም፣ ወንድሜ እንዲያውም ጊታር ተጫዋች ነው ብዬዋለሁ። ቀጠሮዬ ወር በገባ በሃያ አንድ ነው። መልስህ በጽሑፍ እስከ ሃያ ይድረሰኝ።

ታላቅ ወንድምህ