ከአሥሩ ሦስቱ ወደ መንገድ

ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ድንቹን አራገፍኩ። ታጠብኩ። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ደግሞ ተቀመጥኩ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ዛሬ አንድ ቦታ መርጋት አልተቻለም። ቅዳሜ ዕጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾላ ገበያ መሬት ላይ ጃንጥላ ዘርግተን የምንሸጥ አሥር ነን። አሥር የቆርቆሮ ሱቅ ተሠራልን። ሦስቱ ፊታቸው ወደ ታክሲ መያዣው፣ ሰባቱ ከጀርባ፣ ቦዩ ዳር። ፊት የደረሰው ከታክሲ የሚወርደው ሁሉ የሱ ደንበኛ ነው። ጀርባ የደረሰው ክረምቱን ከእንቁራሪት ጋር ይነግዳል።

እኔ አልሰጋም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ቦታ በዕጣ ሲደለደል ሁለቴም መጥፎው ደርሶኛል። ስለዚህ ሦስተኛው የኔ ነው። ሂሳብ ነው! የማታ ት/ት የጨረስኩት በከንቱ አይደለም። አምና በአውራ ጣቴ ስፈርም የነበርኩ ሰውዬ ዛሬ የታክሲውን ታፔላ ከሩቅ አነባለሁ። በኔ የተነሳ ወያላው ሥራ ሊፈታ ነው።

ይህንኑ ለልጄ ለህይወት ነገርኳት። ሰባተኛ ክፍል ናት። ሳቀችብኝ። አባዬ፣ ወረቀቱ አንተን በምን ያውቅሃል አለች። ያለፈውን አያስታውስም፤ ሁልጊዜም ከአሥር ሦስት ነው ብላ መጽሐፏን ዘረጋችልኝ። ምዕራፉ ፕሮባቢሊቲ ይላል። ቃሉን አንብቤ እስክጨርስ ጉሮሮዬ ደረቀ። አልተስማማሁም። መጽሐፉን ግን ወሰድኩባት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ገበያ ቀዝቅዟል። ጆንያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። የምትፈልገው በስንት መንገድ ይመጣል? ሊመጣ ለሚችለው በሙሉ አካፍል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነው ተማሪዎቹ የሚያለቅሱት? አንዷ ሁለት ኪሎ መዝንልኝ ስትል ቆይ፣ ስሌት ላይ ነኝ አልኳት። ጥላኝ ሄደች።

እትዬ ትርንጎ ምን እያነበብክ ነው አሉኝ። አጠገቤ ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ዱላ ይዘው ነው ከቀበና የሚመጡት። ስለ ዕጣ ነው ስላቸው አማተቡ፤ ይሄም በመጽሐፍ አለ እንዴ አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። ጀርባ ከደረሰኝ እዚያ ጭቃ ውስጥ ከወደቅሁ የሚያነሳኝ የለም፣ ሽንኩርቱም በዚያው ያበቃል አሉ። አይዞዎት፣ ቀድመው እጅ የሚከቱት እርስዎ ነዎት አልኳቸው። እኛ ዘንድ ልማዱ እንዲያ ነው፤ ዕጣ ሲወጣ ታላቅ ይቀድማል። የቀደመ ያገኛል ብሎ የማያምን ነጋዴ የለም።

ማታ ህይወትን ጠየቅሁ። መቅደም ይሻላል አይደል? አይሻልም አለች። ተጨቃጨቅን። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ሙከራ! አሥር ቆርኪ ለቀምን። ህይወት ሦስቱን በጥፍር ቀለም አቀላች። ካልሲ ውስጥ ጨመርናቸው። ባለቤቴ አስናቀች ካልሲው የታጠበ ነው እያለች ትጮሃለች፤ ማን ይሰማታል። እኔ መጀመሪያ አወጣለሁ፣ ህይወት መጨረሻ። መሃል ያሉትን በሌሎቹ ነጋዴዎች ስም እናወጣለን። ደገምን። ደጋገምን። ቀዩ ለኔም ለሷም ከሞላ ጎደል እኩል ወጣ። እንዲያውም በአንድ በለጠችኝ። ካልሲውን አስቀየርኩ። ያው!

ምክንያቱንም አስረዳችኝ። ቆርኪው ካልሲ ውስጥ ከተቀላቀለ በኋላ የቀደመ ሰው ቀድሞ ያውቃል እንጂ ዕድሉ አይበልጥም። ገባኝ። ብድግ አልኩ፤ ቤቱን ዞርኩት። ሦስተኛው የኔ ነው ያልኩት ተሰርዟል፤ ማንም እንዳይሰማ። ግን ይህን ሾላ ላይ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አንድም ሰው!

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ፊት ደረሰኝ። ጻፍኩት። ደስታው ግን የት እንደገባ አላውቅም።

በተራ ልንገርሽ። ወረቀቶቹ ተጠቅልለው የገበያችን ሰብሳቢ የጋሽ ሸምሱ ባርኔጣ ውስጥ ገቡ። ወጣቶቹ ነጋዴዎች ታላቅ ሁልጊዜ ለምን ይቀድማል ብለው ተንጫጩ። ግፊያ። ስድብ። ያኔ እኔ የቲማቲም ሳጥን ላይ ወጣሁ። ቀደምክም ዘገየህም ከአሥር ሦስት ነው፣ በቆርኪ ተረጋግጧል አልኩ። ሳቅ፣ ጭብጨባ። አንዱ «ፕሮፌሰር ድንች!» አለኝ። ጋሽ ሸምሱም ግራ ገባቸውና እንግዲያውስ እንደቆማችሁ ተሰለፉ አሉ። እትዬ ትርንጎ ተቀምጠው ነበር። ከመቀመጫ ለመነሳት ጊዜ ይፈጅባቸዋል። አንተ ካልክ ይሁን አሉኝና መጨረሻ ሆኑ።

እኔ ሦስተኛ ቆምኩ። ፊት!

ስድስተኛው ሰው ሲያወጣ ሦስቱም ፊት አለቀ። ከዚያ በኋላ ባርኔጣው ውስጥ የቀረው ሁሉ ጀርባ ነው፤ ሁሉም ያውቃል። እትዬ ትርንጎ ግን ተነስተው፣ ዱላቸውን ተክለው መጡ። እጃቸውን ከተው የቀረችውን አወጡ። አልገለጧትም።

ሄድኩላቸው። መጀመሪያም ቢያወጡ ይኸው ሊደርስዎ ይችል ነበር አልኩ። እውነት ነው፣ ማስታወሻዬ። ሂሳቡ ልክ ነው። አዳመጡኝ። ተቆጡ እንዳልል አልተቆጡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልዩነት ከሌለው፣ አንተ ለምን ከኔ ቀደምክ?»

እሁድ፣ ግንቦት 10

እንጦጦ ላይ ደመናው ጠቁሯል። በር ላይ ቆምኩ። ገባሁ። ወጣሁ። ህይወትን ጠየቅሁ፤ ስሌቱ ልክ ነው አባዬ አለች። ስሌቱን መች ጠየቅሁሽ!

ለምን ቀደምኩ? አፌ ያው ነው እያለ እግሬ ሰልፍ ውስጥ ሰርጎ ገባ። ሳጥን ላይ ቆሜ እያስተማርኩ እንኳ የቀደመ ያገኛል ብዬ አምን ነበር ማለት ነው። ከዚህ ሌላ መልስ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

አስናቀች ፊት ደረሰን ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ለእትዬ ትርንጎ ልቀይርላቸው ነው ስላት ክረምቱን ምን ልትበላ ነው አለች። እውነቷን ነው። ቢሆንም ወደ ቀበና ወረድኩ። እትዬ፣ እንቀያየር አልኳቸው። እምቢ አሉ። የወጣልኝ የወጣልኝ ነው፣ ዕጣ አይመለስም፣ ሰውም ለምና ወሰደች ይለኛል አሉ። ሻይ አጠጡኝ። ስለ ልጄ ጠየቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ግንቦት 11፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

የምጽፈው ከጀርባ፣ ቦዩ ዳር ካለው ሱቅ ሆኜ ነው። ድንቼን በሙሉ እዚህ አስገባሁ። የገበያው ዘበኛ ዘንድ ያደረውን የእትዬ ትርንጎን ሽንኩርትና መቀመጫቸውን ፊተኛው ሱቅ አደረስኩ። አስናቀች አብደሃል አለችኝ፤ ከዚያ የከበደውን ጆንያ በአንድ ጫፍ ያዘችልኝ። ጋሽ ሸምሱ ዕጣ አይለወጥም ብለው ጮኹብኝ። ዕጣው እንዳለ ነው ጋሼ፣ በር ተሳስቼ የከፈትኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ሊቆጡ ነበር፣ ሳቅ አመለጣቸው። ለጊዜው ትተውኝ ሄደዋል።

በሁለቱ ሱቆች መሃል በቀጭኗ ክፍተት መንገዱ ይታየኛል። ታክሲ ቆመ። እትዬ ትርንጎ ወረዱ። ሽንኩርታቸውን አዩት። ግራ ቀኝ አዩ። አሁን እኔን አዩኝ፤ ዱላቸውን አነሱ። እየተሳደቡ ነው መሰለኝ፣ የታክሲው ጡሩምባ ዋጠው። አልወጣም። ቢለምኑኝም አልወጣም። ክረምቱን እዚሁ ነኝ። ድንች የፈለገ ጭቃውን ይሻገር፤ ጮሆ መጣራት እንደሆነ እኔን የሚችለኝ የለም።

አሁንም ቆመዋል።

መቀመጫቸው ላይ ተቀመጡ።